ከጨርቁ ውስጥ የቀረው

«ሌባ ነው! ይህ ሚዛን ሌባ ነው እያልኩሽ!»

ይህን የሰማሁት በጤና ጣቢያው መስኮት ሥር ሳልፍ ነው። የመሣሪያ ሳጥኔን አንጠልጥዬ ወደ እህል መጋዘኑ እየሄድኩ ነበር፤ እዚያ ትልቁ የመሬት ሚዛን ተበላሽቶ ሰዎቹ ይጠብቁኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ሰምቶ ያልፋል። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሚዛን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሰፈሩ ሰው እንኳ ስሜን ትቶ «ጋሽ ግራም» ነው የሚለኝ። ሚዛን ሌባ ነው ሲባል ስሰማ እኔን ሌባ ያሉኝ ያህል ደሜ ይፈላል። በዚያ ላይ ይህንን ሚዛን ከሁለት ሳምንት በፊት የፈተሽኩት እኔው ራሴ ነኝ። መጋዘኑ ይጠብቅ ብዬ ዘው ብዬ ገባሁ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። በአንድ ወገን ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ልጆቻቸውን ያቀፉ ዘጠኝ አሥር እናቶች ተጠጋግተው ተቀምጠው፣ ጠቡ እንዳያመልጣቸው አንገታቸውን አስግገዋል። ከጣሪያው ብረት ላይ ክቡ የሕፃናት ሚዛን ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ በጨርቅ መቀመጫው ውስጥ አንዲት ሕፃን አለች። አታለቅስም። ልጅ ሁሉ እዚያ ጨርቅ ውስጥ ሲገባ ቤቱን በጩኸት ያናጋዋል፤ ይህቺ ግን ዝም ብላ ግድግዳውን ታያለች። ክንዷ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይወፍርም።

«ምን ሆነ ሚዛኑ?» አልኩ፣ ሰላምታ እንኳ ሳላቀርብ።

ነርሷ ዞር አለች። ትምህርቷን ከጨረሰች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋን ትወዳለች፣ ስትናደድ ግን ድምጿ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ እግዜር ነው ያመጣዎት» አለች። «እስቲ ለእማማ ይንገሩልኝ። ልጅቷ ስምንት ወሯ ነው። በአምስት ወሯ ስድስት ኪሎ ከመቶ ግራም ነበረች፤ ዛሬም ስድስት ኪሎ ከመቶ ግራም ናት። ሦስት ወር ሙሉ! እማማ ግን ሚዛኑ ነው ይላሉ።»

እማማ የተባሉት ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው፤ ቀሚሳቸው በካውያ የተተኮሰ፣ የእጅ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው የያዙ። አወቅኳቸው። በወጣትነታቸው በትልቁ ሆቴል ዋና የሾርባ አብሳይ ነበሩ። ሾርባቸው ከመጥራቱ የተነሳ ከሳህኑ ሥር የተሳለችው አበባ ቁልጭ ብላ ትታይ ነበር ይባላል፤ ስለዚህ «እትዬ መስታወት» የሚል ቅጽል ወጣላቸው። ከኋላቸው አንዲት ወጣት ሴት አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ የሕፃኗ እናት፣ የእሳቸው ምራት።

«አንተ ደግሞ በደህና መጣህ» አሉኝ እትዬ መስታወት። «ይህን ሌባ ሚዛንህን አውርድና ወስደህ ጠግነው። የልጄን ልጅ የማበላት እኔ ነኝ። እናቷ ፋብሪካ ትውላለች፣ አባቷ ሾፌር ነው፣ መንገድ ለመንገድ ነው የሚኖረው። ጠዋት አበላታለሁ፣ ቀትር አበላታለሁ፣ ከሰዓት አበላታለሁ፣ ማታ አበላታለሁ። ታዲያ የት ይገባል? ሚዛኑ ካልሰረቀው የት ይገባል?»

«እማማ፣ እኔም እኮ እሱኑ ነው የምጠይቅዎ» አለች ነርሷ።

«አንቺ ዝም በይ! አምስት ወልጄ አራት አሳድጌያለሁ። አንቺ ስንት ወልደሽ ነው እኔን የምትመክሪኝ?»

ከአግዳሚው ወንበር አንዷ ሳቀች። ነርሷ ከንፈሯን ነከሰች። እኔም አምስትና አራት የሚለውን ሰምቼ አልሰማሁትም፤ ንዴት ጆሮ ይደፍናል።

ሳጥኔን ከፈትኩ። የነሐስ ክብደቶቼን አወጣሁ። ሕፃኗ ከወረደች በኋላ የአምስት ኪሎውን፣ የአንድ ኪሎውንና የመቶ ግራሙን በዚያው ጨርቅ መቀመጫ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። መርፌው ትንሽ ተወዛወዘና ልጅቷን ሲመዝን የቆመበት ቦታ ላይ ቆመ፤ ፀጉር ታህል አላለፈም፣ ፀጉር ታህል አልጎደለም።

«ይመልከቱ» አልኩ። «ነሐሱ ስድስት ኪሎ ከመቶ፣ ልጅቷ ስድስት ኪሎ ከመቶ። በሦስት ወር ውስጥ ሁለቱም አልጨመሩም። ነሐስ እንዲያድግ ግን ማንም አይጠብቅም!»

«ክብደቶቹም ያንተው ናቸው» አሉ፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ።

ነርሷ መዝገቧን ዘጋች። «እማማ፣ አሁን በደንብ ይስሙኝ። ልጅቷ በዚህ ሁኔታ ጉንፋን እንኳ ቢይዛት የምትቋቋምበት አቅም የላትም። ሁለት ሳምንት ነው የምሰጣችሁ። በሁለት ሳምንት ካልጨመረች ሆስፒታል ትተኛለች። እኔ ይህንን ስል በልጅ ሞት የምቀልድ ሰው አይደለሁም።»

ሞት የሚለው ቃል ሲወጣ የልጅቷ እናት ቀና አለች። አንድ ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች፣ አማቷን አየች፣ መልሳ ዘጋችው። እኔን ይበልጥ ያናደደኝ ይህ ነው። የገዛ ልጇ እንደ ጧፍ እየቀለጠች እሷ ለመናገር ፈቃድ ትጠብቃለች!

እትዬ መስታወትም ተቆጡ። «ኑ! ቤቴ ከጀርባ ነው፤ አሁኑኑ ኑና ምድጃዬን እዩ! ድስቴን እዩ! ይህቺ ልጅ ስትራብ ያየ ካለ ይመስክርብኝ! አንተም ያን ነሐስህን ይዘህ ና!»

የነርሷ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ሌላዋን ነርስ ተካችና ተነሳች። እኔም ተከተልኩ፤ መጋዘኑ ከሐሳቤ ጠፍቷል።

*

የማብሰያ ቤቱን ሳይ ለጊዜውም ቢሆን ቁጣዬ በረደ። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ማብሰያ ቤት በዕድሜዬ አላየሁም። ድስቶቹ በየልካቸው ተደርድረው ፊት ያሳያሉ። ቢላዎቹ ግድግዳው ላይ በመደዳ ተሰቅለዋል። በምድጃው ላይ አንድ ድስት ቀስ ብሎ ይፈላል፤ ክዳኑን ሲያነሱት የሥጋው፣ የካሮቱ፣ የድንቹና የምስሩ ሽታ ቤቱን ሞላው። ከጠዋት ጀምሮ የበላሁት ነገር አልነበረምና ሆዴ ጮኸ።

«ተመልከቱ» አሉ። «ሥጋ ትላላችሁ፣ አለ። አትክልት ትላላችሁ፣ አለ። ምስር አለ። ይህን ሁሉ የማበስለው ለማን መሰላችሁ? ለእመቤት ነው።» እመቤት የሚሏት የልጅ ልጃቸውን ነው።

ነርሷ ድስቱን አይታ ግራ ተጋባች። «ይህን ከበላችማ…» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር።

እትዬ መስታወት እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። ከመሳቢያ አንድ ነጭ ሻሽ አወጡ፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በአራት ታጥፏል። በንጹሕ ጎድጓዳ ሳህን አፍ ላይ ዘረጉትና ድስቱን ቀስ አድርገው ገለበጡበት። ፈሳሹ ወረደ። ሻሹን ጠቅልለው ጨመቁት። ፈሳሹን በሌላ ሻሽ ደግመው አጠለሉት። ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ። ሲጨርሱ በነጭ ስኒ ቀዱና በኩራት ዘረጉልኝ። «ቅመስ።»

ቀመስኩ። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ሾርባ ቀምሼ አላውቅም። የስኒው ወለል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

«ሆቴል ሳለሁ አለቃችን ምን ይል ነበር መሰላችሁ? በክቡር እንግዳ ፊት አንዲት ፍርፋሪ ከዋኘች ውርደት ነው ይል ነበር። ለእመቤትም የማቀርብላት ለክቡር እንግዳ የማቀርበውን ነው። ጉልበቱ በሙሉ ወደ ውሃው ወጥቷል፤ በጨርቁ የቀረው ገለባ ነው።»

ይህን እያሉ ሻሹን ፈቱት። ሥጋው፣ ድንቹ፣ ካሮቱ፣ ምስሩ፣ ሁሉም እንደ ጭቃ ተድበልብሎ ተቀምጧል። ወደ በሩ ሄዱና በአንድ ቆርቆሮ ሳህን ላይ ገለበጡት። «አለቃ!» ብለው ተጣሩ።

አለቃ መጣ። ድመት ነው። ድመት ልበለው እንጂ ሲራመድ ሆዱ ወለሉን ይጠርጋል፤ ፊቱ እንደ ሹም ፊት የሞላ ነው። ማንንም ሳያይ ሳህኑ ላይ አጎነበሰና ይበላ ጀመር።

ነርሷን አየኋት፣ ነርሷም አየችኝ። ደሜ አናቴ ላይ ወጣ።

«ዘንቢል አለ?» አልኩ።

«ምን ሊያደርግልህ?»

«ዘንቢል አለ ወይ ነው የምለው!»

የልጅቷ እናት ናት ያቀበለችኝ። ከሳጥኔ የእጅ ሚዛኔን አወጣሁ። ድመቱን አፉ እንደሞላ አነሳሁት፤ ቧጨረኝ፤ የዚያን ቀን ጭረት እስከ ዛሬ እጄ ላይ አለ። ዘንቢሉ ውስጥ ከተትኩትና ሰቀልኩት። የዘንቢሉን ክብደት ቀነስኩ።

«ስድስት ኪሎ ከአራት መቶ ግራም» አልኩ። «ስሙኝ እትዬ መስታወት! ሌባውን አገኘሁት! ሚዛኑ አይደለም። ሥጋዋን፣ ድንቿን፣ ምስሯን በቀን አራት ጊዜ የሚበላው ይኸውና! እርስዎ ክቡር እንግዳ የሚሉት ልጅቷን ሳይሆን ይህንን ድመት ነው!»

«አፍህን ሰብስብ!» ብለው ጮኹ። «በገዛ ቤቴ! ጥርስ ያልወጣላትን ልጅ ሥጋ ላጉርሳት? አንቋት ትሙት? እኔ ነፍሰ ገዳይ ነኝ?»

«ማንም ሥጋ በቁራጩ ያጉርሷት አላለም…» አለች ነርሷ።

«አንቺም ያው ነሽ! ፈሳሽ እንጂ ሌላ የሚያልፍበት ጉሮሮ የላትም! ዐይኔ እያየ…»

«እማማ!»

ሁላችንም ዞርን። የልጅቷ እናት ናት። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እንዲህ ባለ ድምፅ ስትናገር እትዬ መስታወትም ሰምተዋት አያውቁ ኖሯል፣ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ።

«እማማ፣ ሆቴል እያሉ ያ ሾርባ የሚቀርበው መቼ ነበር?»

«ምን?»

«መቼ ነበር የሚቀርበው? ከምግቡ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት ነዋ። ሆድ እንዲከፍት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዋናው ምግብ…»

ቆሙ። እጃቸው ውስጥ ያለው ሻሽ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ለእመቤትስ ዋናው ምግብ መቼ ነው የሚመጣው?» አለች እናትየዋ፤ አሁን እያለቀሰች ትጮሃለች። «ሦስት ወር እማማ! ሦስት ወር ሙሉ ሆዷን እየከፈቱ ያስቀምጧታል! እኔ ማታ ከሥራ ስመጣ ጡቴን ለቃ አታውቅም፤ ሌሊቱን ሙሉ ትጠባለች፤ ርቧት ነው ስል ‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ› ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? መራቧን አውቃለሁ! እናቷ ነኝ!»

ድመቱ ከዘንቢሉ ወጥቶ ወደ ሳህኑ ተመለሰና ማላመጡን ቀጠለ። እትዬ መስታወት ድመቱን አዩ። ከዚያም ሕፃኗን። ከዚያ ቀስ ብለው ሄደው ሳህኑን ከድመቱ አፍ ሥር አነሱት።

*

እዚህ ላይ አንባቢን አንድ ነገር ላስቸግር። ጥፋቱ ሁሉ የአያቲቱ ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እኔም በዚያች ሰዓት የፈረድኩት እንደዚያ ነበር። ነገር ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼ ሲመለስ ሌላ ጥያቄ መጣብኝና ወደ ነርሷ ዞርኩ።

«ሲስተር፣ ልጅቷ ስድስት ወር ሲሞላት ምን ብለሽ ነበር?»

«ተጨማሪ ምግብ ጀምሪ ብያታለሁ። ለሁሉም እናቶች ነው የምለው።»

«ለስንት ደቂቃ?»

ዐይኗን ወደ ድስቱ መለሰች።

«በቤቱ የሚያበስለው ማን እንደሆነ ጠይቀሻል? ውፍረቱ ምን ያህል እንደሆነ አሳይተሻል? ማንኪያ ይዘሽ አሳይተሻል? ወይስ መዝገብሽ ላይ ‹ተመክራለች› ብለሽ ጽፈሽ ‹ቀጣይ› ብለሽ ተጣራሽ?»

ዐይኗ እንባ አቀረረ። «አርባ እናት ነው ጋሼ በቀን የማየው» አለች።

«እኔም አርባ ሚዛን በቀን ብጠግን አንዱም አይሠራም!»

ጨካኝ ነበርኩ፤ አውቃለሁ። ግን ነርሷ የዋዛ ልጅ አይደለችም። እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፣ ተነሳች፣ እጇን ታጠበች፤ ማንኪያና ንጹሕ ሳህን ጠየቀች። «እሺ» አለች። «እንግዲያው አሁን አሳያለሁ። እማማ፣ ይቅርብኝ ካላሉ አጠገቤ ይቁሙ።»

በድስቱ ሥር የቀረ ነበር፤ ያልተገለበጠ ድንችና ምስር፣ ትንሽ ሥጋም። ሥጋውን በቢላ አድቅቃ ከተፈች፣ ከድንቹና ከምስሩ ጋር በሹካ ደቆሰችው። ከጠራው ሾርባ ሁለት ማንኪያ ብቻ ጨመረችበት፣ ዘይት ጠብ አደረገችና አዋሃደችው። ከዚያ ማንኪያውን ሞልታ ዘቀዘቀችው። አልወረደም።

«ይኸውልዎ እማማ። ከማንኪያው የሚፈስ ከሆነ ቀጥኗል። ማንኪያው ላይ የሚቆም፣ ሲውጡት ግን የሚለሰልስ፤ ይህን ማየት ይበቃል። የሕፃን ሆድ ጭብጧን ነው የሚያህለው። በውሃ ከሞሉት ለምግብ የሚተርፍ ቦታ የለም፤ ጠግባለች ብለው ያስባሉ፣ እሷ ግን ውሃ ነው የጠገበችው።»

«ጥርስስ?» አሉ እትዬ መስታወት። ድምፃቸው ወርዷል፤ ግን ገና እጅ አልሰጡም።

«ለደቀቀ ምግብ ጥርስ አያስፈልግም፤ ድዷ ይበቃታል። ደግሞ አሁን ማላመጥ ካልተማረች በኋላ ቁራጭ ሲሰጧት ያኔ ነው የምትቸገረው።»

ሕፃኗን እናቷ ጭን ላይ ቀጥ አድርገው አስቀመጧት። ነርሷ የማንኪያውን ጫፍ ከንፈሯ ላይ አስነካች። እመቤት አፏን ከፈተች፣ ቀመሰች፣ በምላሷ ገፍታ አገጯ ላይ አወጣችው።

«አየሽ! አልወደደችውም!» አሉ አያት።

«አልጠላችውም። ምላሷ ከመጥባት ሌላ ሥራ አልተማረም። ይታገሱ።»

ሁለተኛውን ገፋች። በሦስተኛው ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ትንሽ አሳላት፤ እትዬ መስታወት «ወይኔ ልጄን!» ብለው ዘለሉ። ነርሷ በክንዷ አገደቻቸው። «ስታስል እየተነፈሰች ነው ማለት ነው፤ አይንኳት፣ ብቻ ዐይንዎን ከእሷ አይንቀሉ።» ሳሏ ቆመ። እመቤትም ያንን ግድግዳ ሲያይ የዋለ ዐይኗን አዙራ ማንኪያውን አየችው፤ ከዚያ በሁለት እጇ ያዘችውና ወደ አፏ ጎተተችው። አለቀቀችም። ነርሷ ብትጎትት አለቀቀችም። ማንኪያው ባዶ ሆኖ ሲመለስ ጮኸች፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች፣ ቤቱን አናጋችው። እናቷ ሳቀችም አለቀሰችም።

«አምጪ» አሉ እትዬ መስታወት፣ እጃቸውን ዘርግተው። «ማንኪያውን አምጪ። የማበላው እኔ ነኝ። ሌላውን ተናገሪ፣ እየሰማሁሽ ነው።»

ነርሷም እያበሉ ነገረቻቸው። ስድስት ወር እስኪሞላ ጡት ብቻ፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ጡት ሳይቋረጥ ምግብ መጨመር። መጀመሪያ ሁለት ሦስት ማንኪያ፣ ቀስ በቀስ ግማሽ ኩባያ፤ በዚህች ዕድሜዋ በቀን ሦስት ጊዜ፣ በመሀል ደግሞ የበሰለ ሙዝ ወይም እንደዚያ ያለ መክሰስ። በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ባቄላ፣ ምስር፣ የደቀቀ ሥጋ፣ ቢጫና አረንጓዴ አትክልት እያፈራረቁ። ጨውና ስኳር አያስፈልጋትም፤ ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላት በጭራሽ። ስትታመም ምግብ እንዳይቀንሱባት፤ አፏን ስትዘጋ ደግሞ በግድ እንዳይሞሉባት።

«ማርም አይሆንም?» አሉ፣ ማንኪያውን ሳያቆሙ።

«አይሆንም።»

«እሺ። የእጅ መታጠቡን ግን አታስተምሪኝ፤ እሱን እኔ ነኝ የማስተምርሽ።»

«እሱንስ አይቻለሁ፤ በዚህ ሰፈር እንደ እርስዎ የሚታጠብ የለም» አለች ነርሷ፤ እትዬ መስታወትም ተከፉ እንጂ ደስ አላላቸውም፤ ምስጋና ለመስማት የሚሆን ፊት አልነበራቸውም።

*

በሁለት ሳምንቱ ማንም ሳይጠራኝ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። መመዘን ከመጀመራቸው በፊት ደርሼ ሚዛኑን በነሐሱ ፈተሽኩት። አግዳሚው ወንበር እንደልማዱ ሞልቷል፤ ነርሷ ግን ጠረጴዛዋ ላይ ሳህንና ማንኪያ አስቀምጣለች፤ ከሚዛኑ በፊት ሁሉም እናት ማንኪያው ሲዘቀዘቅ ታያለች። «በቤት የሚያበስለው ማን ነው?» ብላም ትጠይቃለች። አያት ከሆነች አያት ትምጣ፣ ሠራተኛ ከሆነች ሠራተኛ ትምጣ ትላለች። በዚያ ቀን ሁለት አያቶች መጥተው ነበር።

የእመቤት ተራ ደረሰ። ጨርቁ ውስጥ ስትገባ ያሰማችው ጩኸት ለጎረቤት ይበቃል። እናቷ ዐይኗን ጨፈነች። መርፌው ተወዛወዘ፣ ቆመ።

«ስድስት ኪሎ ከአምስት መቶ» አለች ነርሷ። ከዚያ ደግማ አየች። «ስድስት ኪሎ ከአምስት መቶ!»

እናትየዋ ሚዛኑ ሥር ቁጢጥ ብላ በእጇ ፊቷን ሸፈነች። አግዳሚው ወንበር ላይ ያሉት እልል አሉ። እኔም ወንድ ነኝ ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

እትዬ መስታወት ግን አልሳቁም፣ አላለቀሱም። ሕፃኗን ከጨርቁ አወጡና ታቀፏት። አንገቷ ላይ የታሰረውን የምግብ ጨርቅ አየሁት፤ ያ ነጭ ሻሽ ነው፤ በልኳ ተቆርጦ ጠርዙ ተዘምዝሟል፣ ካሮት ፈሶበት ቢጫ ሆኗል። ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ላይ ያለው ቁጣ ያን ቀን ከነበረው ይበልጥ ነበር፤ ምን አጠፋሁ ብዬ ወደ ኋላ አልኩ።

«አምስት ወልጄ አራት አሳድጌያለሁ አልኳችሁ» አሉ። «ስለ አምስተኛዋ አንድም ሰው አልጠየቀኝም።»

ሕፃኗን ወደ ደረታቸው አስጠጉ።

«ሴት ነበረች። ይህቺኑ ነበር የምትመስለው። እኔ ሆቴል ስውል ማታ ማታ ያንን ሾርባ በጠርሙስ ይዤላት እመጣ ነበር። ክቡራን እንግዶች የሚጠጡትን ልጄም ትጠጣለች ብዬ በመንገዱ ሁሉ እየኮራሁ። ዘጠኝ ወሯ ላይ ትኩሳት ያዛት። በሁለት ቀን ሄደች። ትኩሳት ነው አሉኝ፤ እኔም አርባ ዓመት ትኩሳት ነው እያልኩ ኖርኩ።»

«እማማ፣ ትኩሳትም ሊሆን ይችላል…» አለች ነርሷ፤ ቁጣዋ ሁሉ ጠፍቶ።

«አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። አንቺን አይደለም የምጠይቀው።» ዐይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። «አንተን ነው የምጠይቀው። ሠላሳ ዓመት ሚዛን ስጠግን ኖርኩ ትላለህ። ከአንተም በፊት አባትህ ሚዛን ጠጋኝ ነበር። ስኳሩን ትመዝኑ ነበር፣ ምስማሩን ትመዝኑ ነበር፣ ጥጡን ትመዝኑ ነበር። ልጄን የምትመዝኑ ያኔ የት ነበራችሁ?»

እውነታቸውን ነው። አባቴ በዚያ ዘመን ለስኳር መጋዘን ሚዛን ሲሮጥ ይውል ነበር፤ እኔም የሙያውን ውርስ ተቀብዬ ስሮጥ ኖሬያለሁ። በከተማው ውስጥ አንድ ኩንታል በግማሽ ኪሎ ቢጎድል አገር ይተራመሳል፤ ይህ የሕፃናት ሚዛን ግን ከመሰቀሉ በፊት ስንት ዓመት መጋዘን ውስጥ አቧራ እንደለበሰ አውቃለሁ፤ ጠግንልን ተብዬ «ሥራ በዝቶብኛል» ያልኩት እኔ ነኝ። አንገቴን ደፋሁ።

መልስ አልጠበቁም። ሕፃኗን ጎናቸው ላይ አስተካክለው ወደ አግዳሚው ወንበር ዞሩ። ጫፍ ላይ የተቀመጠችው ገና የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ወጣት ነበረች፤ ጡጦ በእጇ ይዛለች፤ ውስጡ ያለው ነገር እንደ ውሃ ጠርቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብለው ጮኹባት።

«ሾርባ ነው እማማ» አለች፣ ደንግጣ።

«ከሱ የቀረውስ የት አለ? ከጨርቁ ውስጥ የቀረው?» ቦርሳቸውን አስቀመጡና አጠገቧ ተቀመጡ። «ጠጋ በይ። ማንኪያ አምጡልኝ።»

ከመጋዘኑ ሰው ተልኮ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ትልቁ ሚዛን ዳግመኛ ቆሟል፣ ጫኞቹ ሥራ ፈተዋል አለኝ።

«ይጠብቁ» አልኩት። ከነርሷ ጠረጴዛ ሳህኑንና ማንኪያውን አንስቼ ለእትዬ መስታወት አቀበልኳቸው።